የቅጠል ዘላይ አዲስ ዝርያ በአካሉ አሠራር የሚገለጽበት መንገድ

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

ቅጠል ዘላዮች የተክልን ፈሳሽ እየመጠጡ የሚኖሩ፣ አብዛኛዎቹ ከስንዴ ፍሬ የማይበልጡ ነፍሳት ናቸው። ሲነኩ ወይም ጥላ ሲያርፍባቸው ብድግ ብለው ይዘላሉ፤ ስማቸውም የመጣው ከዚሁ ጠባያቸው ነው። በጥጥ እርሻዎች ጃሲድ በሚለው ስም ይታወቃሉ። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝርያዎች ከ20 ሺህ በላይ ሲሆኑ በየዓመቱም አዳዲሶች ይገለጻሉ። ከእነዚህ ሁሉ ለገበሬው ጠንቅ የሆኑት ጥቂቶች ናቸው። ችግሩ ግን ጥቂቶቹ ጎጂዎች ጉዳት ከማያደርሱት ዘመዶቻቸው ጋር እጅግ የሚመሳሰሉ መሆናቸው ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኛውን የነፍሳት ሊቅ ማድረግ አይደለም። አንድ ዝርያ አዲስ ነው ወይም ለአካባቢው እንግዳ ነው የሚባለው በየትኛው የአካል ክፍል ተመርምሮ እንደሆነ፣ በማሳ ላይ በዓይንና በእጅ ማጉያ መነጽር ምን ያህል ማወቅ እንደሚቻል፣ ከዚያ ያለፈው ደግሞ ለምን ወደ ላቦራቶሪ መላክ እንዳለበት ለማስረዳት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሙን መሳት የሚያስከትለው ጉዳት

በምዕራብ አፍሪካ ጥጥ አምራቾች በ2022 የእርሻ ወቅት የደረሰባቸው ነገር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በኮትዲቯር፣ በማሊ፣ በቡርኪና ፋሶ፣ በቤኒንና በቶጎ የጥጥ ቅጠል ከጠርዙ እየቢጫ፣ ቀጥሎም እየቀላና ወደ ታች እየተጠቀለለ እንደ ተቃጠለ ሆኖ ደረቀ። ገበሬዎችም ሆኑ ሠራተኞች ጃሲድ መሆኑን ወዲያው አውቀዋል፤ ጃሲድ ለእነርሱ አዲስ አልነበረምና። በአካባቢው ለብዙ ዘመን የሚታወቀው ጃኮቢኤላ ፋሲያሊስ የተባለው ዝርያ ነበር። ነገር ግን የተለመደው የርጭት ፕሮግራም ይህን ሊገታው አልቻለም። ናሙናው ሲመረመር ነባሩ ተባይ ሳይሆን አምራስካ ቢጉቱላ የተባለ የእስያ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ይኸው ነፍሳት በ2023 በፖርቶ ሪኮ፣ በ2024 ደግሞ በአሜሪካ ፍሎሪዳ ታይቷል። ከጥጥ ሌላ ባሚያንና ደብርጃንን አጥብቆ ያጠቃል።

እንግዲህ «ጃሲድ ነው» ማለት ትክክል ቢሆንም በቂ አልነበረም። ጃሲድ የቤተሰብ ስም ነው፤ መድኃኒት የሚገዛው፣ ዘር የሚመረጠው ግን በዝርያው ነው።

በመጀመሪያ ቅጠል ዘላይ መሆኑን ማረጋገጥ

ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብና ሌሎች ፈሳሽ መጣጮች በአንድ ተክል ላይ ተቀላቅለው ሊገኙ ይችላሉ። ቅጠል ዘላይን ከሁሉም ለመለየት አስተማማኙ መንገድ የኋላ እግሩን መመልከት ነው። እንደ ማንኛውም ነፍሳት እግሩ ጭን፣ ቅልጥምና የእግር መዳፍ አለው። የቅጠል ዘላይ የኋላ ቅልጥም ረዥም ሲሆን ከላይ እስከ ታች በመደዳ የተተከሉ ብዙ እሾሆች አሉት፤ በአሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ሆነው ይታያሉ። አረፋ እየሠራ ውስጡ የሚደበቀው የቅርብ ዘመዱ በቅልጥሙ ላይ አንድ ወይም ሁለት ወፍራም እሾህ ብቻ አለው፤ የቀሩት እሾሆች በቅልጥሙ ጫፍ ላይ እንደ አክሊል የተሰበሰቡ ናቸው። በበቆሎና በማሽላ እምብርት ውስጥ የሚኖረው ፔሬግሪነስ ማይዲስ ደግሞ በቅልጥሙ ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ትልቅ መንጠቆ ስላለው ከቅጠል ዘላይ ወገን አይደለም።

እነዚህ የእሾህ መደዳዎች ለመዝለል ብቻ የተሠሩ አይደሉም። ቅጠል ዘላዮች ከሆዳቸው የሚያወጡትን እጅግ ደቃቅ ዱቄት መሰል ነገር በእግራቸው እያዳረሱ ገላቸውን ይቀባሉ። ይህም ውኃና የራሳቸው ጣፋጭ እዳሪ እንዳይጣበቅባቸው ይከላከላል።

ክንፍ ያላወጡት ልጆችም በአካሄዳቸው ይለያሉ። ቅጠሉ ሲገለበጥ እንደ ሸርጣን በጎን በጎን እየሮጡ ወደ ሌላው ገጽ ይሸሻሉ። ክሽክሽ እንዲህ አያደርግም።

ራስ፣ ደረትና ክንፍ

የዝርያ መግለጫ የሚጀምረው ከልክ ነው። ርዝመቱ የሚለካው ነፍሳቱ ክንፉን አጥፎ እንደተቀመጠ ከራሱ ጫፍ እስከ ክንፉ ጫፍ ሲሆን ወንዴና ሴቴ ለየብቻ ይለካሉ፤ ሴቴዋ አብዛኛውን ጊዜ ትበልጣለችና።

ራሱን ከላይ ሲመለከቱት በሁለቱ ትልልቅ ዓይኖች መካከል ያለው ክፍል ሹል፣ ክብ ወይም ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል። ከትልልቆቹ ዓይኖች ሌላ ሁለት ደቃቅ ነጠላ ዓይኖች አሉት። እነዚህ በራሱ አናት ላይ፣ በጠርዙ ላይ ወይም በፊቱ ላይ መገኘታቸው የቤተሰቡን ዋና ዋና ክፍሎች ለመለየት ይጠቅማል። ጥጥን በሚያጠቃው ወገን ነጠላ ዓይኖቹ ብዙ ጊዜ የደበዘዙ ናቸው። አንቴናዎቹ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። አፉ ከራሱ በታች ወደ ኋላ ታጥፎ በእግሮቹ መካከል ያርፋል፤ በውስጡም አንድ ላይ ተጣብቀው እንደ መርፌ የሚሠሩ ክሮች አሉ። በመርፌው ውስጥ ሁለት ቦዮች ያልፋሉ፤ በአንዱ ምራቅ ይወርዳል፣ በሌላው የተክሉ ፈሳሽ ይወጣል። የቫይረስ በሽታ ከተክል ወደ ተክል የሚያልፈው በእነዚሁ ቦዮች ነው።

ከራሱ ቀጥሎ የደረቱ ጋሻ፣ ከዚያም በሁለቱ ክንፎች መነሻ መካከል ያለው ባለሦስት ማዕዘን ጋሻ ይመረመራል። በክንፉ ላይ የሚታዩት ሥሮች አቀማመጥ ትልቅ ቁም ነገር አለው። በጥጥ ጃሲዶች የፊት ክንፍ ላይ ሥሮቹን የሚያገናኙት አግዳሚ ሥሮች ወደ ክንፉ ጫፍ ብቻ የተሰበሰቡ ሲሆኑ የቀረው ክፍል በረዣዥም መስመሮች ብቻ የተከፈለ ነው።

ቀለም አታላይ ነው። አምራስካ ቢጉቱላ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ በእያንዳንዱ የፊት ክንፉ ላይ ወደ ጫፉ አካባቢ አንድ ጥቁር ነጥብ አለው፤ ቢጉቱላ የሚለው የላቲን ቃልም ባለሁለት ጠብታ እንደ ማለት ነው። በማሳ ላይ ይህን ነጥብ ያየ ሠራተኛ መጠርጠር ይገባዋል። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ነጥቡ ደብዝዞ ከነአካቴው ሊጠፋ ይችላል፤ ነጥብ ያለው ጃሲድ ሁሉም ቢጉቱላ ነው ማለትም አይቻልም። በዕድሜ፣ በሙቀትና በወቅት ቀለም ይለወጣል። በአልኮል ውስጥ የቆየ ናሙናማ አረንጓዴው ሁሉ ጠፍቶ ገለባ ይመስላል።

የወንዴው የሆድ ጫፍ

ዝርያን ከዝርያ በእርግጠኝነት የሚለየው የወንዴው የመራቢያ አካል ነው። ይህን መስማት ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በቅጠል ዘላዮች ጥናት ዘንድ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ እምብዛም የለም። ምክንያቱም ይህ ክፍል በጠንካራ ቅርፊት የተሠራ ስለሆነ በምግብና በአየር ጠባይ ብዙ አይለዋወጥም፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ አንድ ዓይነት ሆኖ ሲገኝ በመንታ መሰል ዝርያዎች መካከል ግን ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል።

በመጀመሪያ ወንዴና ሴቴ ይለዩ። ነፍሳቱ በጀርባው ተገልብጦ የሆዱ ጫፍ በእጅ መነጽር ይታያል። ሴቴዋ በመካከል ለመካከል እንደ ቢላ ሰገባ የሚታይ ረዥም ስንጥቅ አላት፤ ይህ ቅጠሉን ሰንጥቃ እንቁላሏን የምትከትበት መሣሪያ ነው። ወንዴው ደግሞ ከሥር እንደ ሁለት ትናንሽ ማንኪያዎች ጎን ለጎን የሚገጥሙ ክዳኖች አሉት። እዚህ ድረስ ማንኛውም የልማት ሠራተኛ ትንሽ ከተለማመደ ሊሠራው ይችላል።

ከዚህ በኋላ ያለው የላቦራቶሪ ሥራ ነው። የሆዱ ጫፍ በቀጭን መርፌ ተቆርጦ አሥር በመቶ በሆነ ካስቲክ ፖታሽ ውስጥ ያድራል፤ ሥጋው ሟሙቶ ቅርፊቱ ብቻ ይቀራል። በውኃ ታጥቦ በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ በማይክሮስኮፕ ከላይም ከጎንም እየታየ ይሣላል። በዚህ ጊዜ የሚመረመሩት ሁሉንም እንደ ዕቃ ቤት የሚይዘው የመጨረሻው የሆድ ቀለበት ማለትም ፒጎፈር፣ ከእርሱ የሚወጡ ሹል ተቀጥላዎች፣ ሁለቱ መያዣ ዘንጎች፣ በመካከልም የዘር ፈሳሽ የሚያልፍበት ኤዲያገስ የተባለው ክፍል ናቸው። የኤዲያገሱ ዘንግ ቀጥ ያለ ወይም የታጠፈ መሆኑ፣ ጫፉ ላይ ስንት እሾህ እንዳለና እሾሁ ወደየት እንደሚያመለክት፣ ቀዳዳው የሚከፈትበት ቦታ አንድ በአንድ ይጻፋል። የተመረመረው ቅንጣት አይጣልም፤ በደቃቅ ብልቃጥ ሆኖ ከዋናው ናሙና ጋር በአንድ መርፌ ላይ ይሰካል።

ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ እንዳልሆነ የሚያሳየው የሲካዱሊና ወገን ነው። እነዚህ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ርዝመት ያላቸው፣ የገለባ ቀለም የያዙ፣ በራሳቸው ፊተኛ ጠርዝ ላይ ሁለት ክብ ጥቁር ነጥቦች ያሏቸው የሣርና የበቆሎ ቅጠል ዘላዮች ናቸው። ከሃያ በላይ ዝርያዎች ሲኖሩ አብዛኛዎቹ በአፍሪካ ይገኛሉ። ስትሪክ የተባለውን የበቆሎ ቫይረስ በሽታ የሚያስተላልፉት ከመካከላቸው የተወሰኑት ናቸው። ከላይ ሲታዩ መንትዮች ይመስላሉ። በ1987 ኤም. ዲ. ዌብ የዝርያዎቹን መለያ እንደገና ሲያጠና ያተኮረው በወንዴው የመራቢያ አካል ላይ ነበር።

ስም የሚወጣው እንዴት ነው?

የአዲስ ዝርያ መግለጫ ከታተመ በኋላ የሚከራከሩበት ዋና ማስረጃ ጽሑፉ ሳይሆን ናሙናው ነው። ገላጩ ከያዛቸው ነፍሳት አንዱን፣ በተለይ ወንዴውን፣ የዝርያው መመዘኛ ብሎ ይሰይማል፤ ይህም በታወቀ የናሙና ማኖሪያ መቀመጥ አለበት። ከ2000 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የእንስሳት ስያሜ ደንብ ይህን በግልጽ ይጠይቃል። በመግለጫው ውስጥ ከሁሉ ጠቃሚው ክፍል ብዙ ጊዜ አጭሩ ነው፤ ይኸውም «ይህ ዝርያ ከእገሌ ዝርያ ጋር ይመሳሰላል፤ የሚለየው ግን በዚህና በዚህ ነው» የሚለው አንቀጽ ነው። ይህ አንቀጽ የሌለው መግለጫ ምንም ያህል ቢረዝም ለተከታዩ ተመራማሪ የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ለምሳሌ በደቡብ አፍሪካ ናውዴ የተባለ ተመራማሪ በ1924 ባልክሉታ ምቢላ ብሎ አንድ ቅጠል ዘላይ ገለጸ። በዙሉ ቋንቋ ኡምቢላ በቆሎ ማለት ነው። በ1926 በብሪታንያ ሙዚየም ይሠራ የነበረው ደብልዩ ኢ. ቻይና (የሰውየው ስም ነው እንጂ አገሩ አይደለም) ሲካዱሊና የተባለውን ወገን ለይቶ አወጣ። ነፍሳቱ ወደዚህ ወገን ስለተዛወረ ዛሬ ሲካዱሊና ምቢላ ይባላል፤ የናውዴ ስምና ዓመተ ምሕረቱ በቅንፍ ውስጥ የሚጻፈውም ወገኑ መለወጡን ለማመልከት ነው። ይህ ዝርያ በአገራችንም ይገኛል፤ በኢትዮጵያ የሚገኙ የሲካዱሊና ዝርያዎችና የስትሪክ ቫይረስ ጥናትም በ1991 ታትሞ ወጥቷል።

አንዱ ዝርያ ሁለት ስም የሚያገኝበት ጊዜም አለ። የጥጡን ቢጉቱላ ኢሺዳ በ1913 ከታይዋን ገልጾት ሳለ ዲስታንት በ1918 ከህንድ ዴቫስታንስ ብሎ እንደገና ሰየመው። ሁለቱ አንድ መሆናቸው ከታወቀ በኋላ የቀደመው ስም ጸንቷል። በቆዩ የህንድ መጻሕፍት ውስጥ ዴቫስታንስ የሚል ሲያጋጥማችሁ ስለዚሁ ነፍሳት የተጻፈ መሆኑን ዕወቁ።

የውስጥ አካሉ የሚነግረን

የውጭው አካል የዝርያውን ስም ይነግረናል፤ በሽታ ማስተላለፍ አለማስተላለፉ ግን የሚወሰነው በውስጥ ነው። ኤች. ኤች. ስቶሪ በ1925 በደቡብ አፍሪካ የበቆሎ ስትሪክን የሚያስተላልፈው ይኸው ምቢላ መሆኑን አሳየ። ቀጥሎም በታንጋኒካ አማኒ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ አንድ የማይጠበቅ ነገር አገኘ፤ በመልክ ፍጹም አንድ ከሆኑ ምቢላዎች ውስጥ አንዳንዶቹ የታመመ በቆሎ ሲመጡ ቢውሉም በሽታውን አያስተላልፉም። በ1932 ባወጣው ጥናት ይህ ጠባይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወረስ መሆኑን አረጋገጠ።

በ1933 የታተመው ሥራው ደግሞ የበለጠ የሚያስደንቅ ነው። የማያስተላልፉትን ነፍሳት አንጀት በቀጭን መርፌ ቢወጋቸው ማስተላለፍ ጀመሩ። ሦስት ሚሊሜትር በሆነ ነፍሳት ላይ ይህን መሥራት ምን ዓይነት እጅ እንደሚጠይቅ መገመት ነው። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ቫይረሱ ከተክሉ ወደ አንጀት፣ ከአንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም፣ ከደም ወደ ምራቅ ዕጢ፣ ከዚያም በምራቅ ወደ ጤናማው በቆሎ መሄድ አለበት። በማያስተላልፉት ዘንድ መንገዱን የዘጋው የአንጀት ግድግዳ ነው።

ስቶሪ ነፍሳቱ ከታመመ ተክል ቫይረሱን ለመውሰድ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ጊዜ፣ ወደ ጤናማው ለማስገባት ደግሞ አምስት ደቂቃ ያህል ሊበቃው እንደሚችል ለክቷል። ከዚህ የተነሣ ከውጭ እየበረሩ በሚገቡ ቅጠል ዘላዮች ላይ የሚደረግ ርጭት ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በሽታው ከገባ በኋላ ነው። በናይጄሪያ ኢባዳን የሚገኘው ዓለም አቀፍ የትሮፒካል እርሻ ተቋምም ከ1970ዎቹ ጀምሮ የተከተለው መንገድ ሌላ ነው፤ ቅጠል ዘላዩን በብዛት እያራባ በበቆሎ ላይ በመልቀቅ በሽታውን የሚቋቋሙትን መርጦ አወጣ።

የናሙና አሰባሰብ

ያልተለመደ ጉዳት ወይም ያልተለመደ ቅጠል ዘላይ ሲታይ ናሙና የሚሰበሰበው ጠዋት፣ አየሩ ሳይሞቅ ነው፤ ያን ጊዜ ነፍሳቱ ቶሎ አይበሩም። በመረብ ተጠርጎ ከተያዘ በኋላ በጣት አይነሣም፤ እግሩና እሾሁ ይረግፋል። ጫፉ በስስ ጨርቅ በተሸፈነ በአፍ በሚሳብ ቱቦ ወይም በአልኮል በረጠበ ቀጭን ብሩሽ ይነሣል። ሰባ በመቶ በሆነ አልኮል ውስጥ ይቀመጣል፤ ለዘረመል ምርመራ የሚላከው ግን ዘጠና አምስት በመቶና ከዚያ በላይ በሆነ አልኮል ለብቻው ይሁን። ቀለሙ ስለሚጠፋ በሕይወት ሳለ የታየው ቀለምና ነጥብ አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ።

አንድ ወይም ሁለት ነፍሳት መላክ አይበቃም። በአጋጣሚ ሁሉም ሴቶች ከሆኑ ላቦራቶሪው ስሙን ሊነግራችሁ አይችልም። ስለዚህ ከአንድ ማሳ ቢያንስ ሃያ ያህል ሰብስባችሁ ወንዴዎች መኖራቸውን ቀደም ሲል በተገለጸው መንገድ አረጋግጡ። ከጥጥ፣ ከባሚያና ከዳር ሣር የተሰበሰቡት በአንድ ብልቃጥ አይቀላቀሉ።

ክንፍ ያላወጡ ልጆችም በናሙናው ይጨመሩ። በእነርሱ ዝርያን መለየት አስቸጋሪ ቢሆንም መኖራቸው ራሱ ማስረጃ ነው፤ ተባዩ በዚያ ሰብል ላይ እየተራባ መሆኑን ያሳያል። ክንፍ ያላቸው ብቻ ከተገኙ ግን በአጠገቡ ካለ ሣር ወይም ከታጨደ ማሳ ተነሥተው ለጊዜው ያረፉ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

ማኅበሩ የመድኃኒት ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ሁለት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ተባዩ በዝርያ ደረጃ ተለይቷል ወይ? በቅጠሉ ሥር ልጆቹ ተቆጥረዋል ወይ? በበቆሎ ስትሪክ ረገድ የሚጠቅመው የሚቋቋም ዘር ማግኘት፣ አባላቱ በአንድ አካባቢ በተቀራራቢ ጊዜ እንዲዘሩና አዲስ ማሳ ከታመመ አሮጌ በቆሎ አጠገብ እንዳይሆን ማድረግ ነው። በጥጥ ረገድ የቅጠሉ ፀጉር መብዛት ጃሲድን እንደሚያዳክም በደቡብ አፍሪካ ባርበርተን ከ1920ዎቹ ጀምሮ በተሠራው የዘር መረጣ ታውቋል፤ ዘር ሲመረጥ ይህ ይጠየቅ። ፀጉራም ቅጠል ነጭ ዝንብን ሊስብ ስለሚችል ግን ነጭ ዝንብ በሚበዛበት ቦታ ከምርምር ጣቢያው ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

በብልቃጡ ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ወረቀት ይግባ፤ የብዕር ቀለም በአልኮል ይለቃል። በወረቀቱ ላይ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ፣ ሰብሉና የዘሩ ዓይነት፣ የተሰበሰበበት ቀን፣ የሰብሳቢው ስም፣ በማሳው ላይ ቀደም ሲል ተረጭቶ ከሆነም የመድኃኒቱ ስምና የተረጨበት ቀን ይጻፍ። ክዳኑ በሰም ወይም በፕላስቲክ ተጠቅልሎ በአቅራቢያው ላለው የምርምር ማዕከል የዕፅዋት ጥበቃ ክፍል ይላክ፤ ከተመሳሳይ ማሳ የተወሰደ ሁለተኛ ብልቃጥም በልማት ጣቢያው ይቀመጥ።